የእንጨቷ ፍየል ያለችበት ቅዳሜ እንዳያመልጥዎ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሚኒሶታ፣ ኖርዝፊልድ ከተማ ያለው ካርልተን ኮሌጅ ገብቷል። በመጪው የውድድር ዘመን የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ስኮላርሺፕ ግን የለም ሲሉኝ ግራ ገባኝ። ሊጉ ምን ዓይነት ነው? ከውድድሩስ ምን ልጠብቅ? እውነቱን ለመናገር ግጭቱም ያስፈራኛል።
አንዲት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!

የስኮላርሺፑ ነገር ልጅዎ ስለማይችል አይደለም። ካርልተን የሚጫወተው ማያክ በሚባለው የሚኒሶታ ኮሌጆች ኮንፈረንስ፣ ማለትም ሊግ ውስጥ ነው። ይህ ዲቪዥን ሦስት፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ሦስተኛው ደረጃ ነው። እዚያ ለስፖርት ብሎ ስኮላርሺፕ መስጠት ክልክል ነው። በትምህርት ውጤት ወይም በቤተሰብ ገቢ የሚሰጥ ድጋፍ ግን አለ። ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚያዩት ልጅ ሁሉ የሚጫወተው ወዶ ነው። እኔን ከዚህ ሊግ ጋር ያቆራኘኝም ይኸው ነው።

ውድድሩ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ይዘልቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሻምፒዮኑ በቀጥታ ወደ አገር አቀፉ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፋል። ግምቴን ከጠየቁኝ፣ ከላይ የሚተናነቁት ዘንድሮም የዚሁ ሊግ ኮሌጆች ሴንት ጆንስና ቤቴል ናቸው። ካርልተን ዋንጫ ይወስዳል ብዬ አላጽናናዎትም።

ቢሆንም ሊጉ ከድሮው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሴንት ቶማስ ሴንት ኦላፍን 97 ለ 0 አሸነፈ። ዘጠና ሰባት! ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ኮሌጆቹ ተመካከሩና በ2019 ሴንት ቶማስ ከኮንፈረንሱ እንዲወጣ ተወሰነ። በ2021 ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ ወደ ዲቪዥን አንድ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በሩ ለሌሎቹም ተከፍቷል።

የእርስዎ ትልቅ ቀን ግን ሌላ ነው። ሴንት ኦላፍም እዚያው ኖርዝፊልድ ነው ያለው። ሁለቱ ሲገናኙ አሸናፊው ከእንጨት የተጠረበች ፍየል ይወስዳል። እኔ ከሻምፒዮናው ይልቅ ያቺን ፍየል እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ይህንኑ ጨዋታ በሜትር ተጫወቱት። ሜዳው በያርድ መሆኑ ቀርቶ 100 ሜትር ርዝመትና 50 ሜትር ስፋት ኖረው። አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጆቹ ከወትሮው ረዘም ያለ ሮጡ። ሴንት ኦላፍ 43 ለ 0 አሸነፈ። ካርልተን ግን ሐሳቡ የእሱ ስለነበር እስካሁን ይኮራበታል።

ግጭቱን በተመለከተ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ግን አንድ ሰው ልንገርዎት። ጆን ጋሊያርዲ ሴንት ጆንስን እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 2012 አሰልጥኗል። በልምምድ ላይ ተጫዋች ተጫዋችን ይዞ እንዳይጥል ከልክሎ ነበር። ፊሽካም አይነፋም ነበር። ልጆቹ አሰልጣኝ አይሉትም ነበር፣ በስሙ ጆን ይሉት ነበር። እንዲህ እያደረገ በአሰልጣኝነት ዘመኑ በጠቅላላው 489 ጨዋታ አሸንፏል፤ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ይህን ያህል ያሸነፈ የለም። ስለዚህ የልጅዎ ቡድን በሳምንት ስንት ቀን እየተጋጨ እንደሚለማመድ ያለ ይሉኝታ ይጠይቁ። ልጅዎንም ጭንቅላቱ ተመትቶ ካዞረው እንዳይደብቅ ከወዲሁ ያስምሉት።

የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ዳር ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። ማሊያውን ለብሶ ሲያዩት ግን ደስ ይልዎታል። አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ በኖቬምበር ሲሄዱ ሁለት ብርድ ልብስ ይያዙ። አንዱን ይልበሱት፣ ሌላውን ከሥርዎ ያንጥፉት። የብረቱ መቀመጫ ከነፋሱ ይብሳል።