መልስ፦ ከ1849 በፊት የነበረው የሚኒሶታ መዝገብ ለምን በሌላ ግዛት ስም ተጻፈ?

ዛሬ የአሜሪካ ክፍለ ሀገር በሆነችው በሚኒሶታ ምድር ከተጻፉት ሁለት የ1840ዎቹ መጀመሪያ መዛግብት አንዱ «ዊስኮንሲን»፣ ሌላው «አዮዋ» የሚለው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። እንዲህ የሚሉት ተሳስተው ሳይሆን የሚሲሲፒ ወንዝ ወሰን ስለ ነበረ ነው። ከወንዙ በስተምሥራቅ ያለው መሬት ከ1836 ጀምሮ በዊስኮንሲን ቴሪቶሪ (ገና ክፍለ ሀገር ያልሆነ የአሜሪካ ግዛት) ሥር ሲተዳደር፣ በስተምዕራብ ያለው፣ አሜሪካ በ1803 ከፈረንሳይ የገዛችው ምድር አካል፣ ከ1838 እስከ 1846 በአዮዋ ቴሪቶሪ ሥር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታው ከወንዙ በየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ።

ዊስኮንሲን በሜይ 1848 ክፍለ ሀገር ስትሆን ከአዲሱ ክፍለ ሀገር ወሰን ውጭ፣ ከሴንት ክሮይ ወንዝ በስተምዕራብ የቀሩት ሰፋሪዎች ያለ አስተዳደር ቀሩ። በዚያው ዓመት ኦገስት ስቲልዋተር በተባለች ከተማ ተሰብስበው የጸጉር ነጋዴውን ሄንሪ ሲብሊን ወኪላቸው አድርገው ወደ ዋሽንግተን ላኩ፤ የሚኒሶታ ቴሪቶሪም ማርች 3 ቀን 1849 ተቋቋመ። ክፍለ ሀገር የሆነችው ሜይ 11 ቀን 1858 ነው።

ብዙ መዝገብ ካገላበጥሁ በኋላ አጥብቄ የምመክርዎት አንድ ነገር አለ፦ ቴሪቶሪው ተቋቋመ ማለት መሬቱ የሰፋሪዎች ሆነ ማለት አይደለም። ከሚሲሲፒ በስተምዕራብ ያለው የደቡቡ ምድር፣ ለአሜሪካ መንግሥት እስከ ተላለፈባቸው የ1851 ውሎች ድረስ፣ የአገሬው ተወላጅ የዳኮታ ሕዝብ ነበር። ትራቨርስ ዴ ሱ በተባለው ቦታ ከውሎቹ አንዱን የፈረሙት የዳኮታ አለቆች ወዲያው በበርሜል ላይ በተዘረጋ ሌላ ወረቀት እንዲፈርሙ ተደረጉ፤ ብዙዎቹ የውሉ ግልባጭ መስሏቸው የፈረሙት ያ ወረቀት ከክፍያው ከፍተኛ ገንዘብ ለነጋዴዎች ዕዳ የሚያስተላልፍ ነበር። በዳኮታና በአሜሪካ መካከል የተደረገውን የ1862ን ጦርነት ካመጡት በደሎች አንዱ ይኸው ስለሆነ፣ ከ1851 በፊት በዚያ ወገን የተጻፈ የይዞታ ወረቀት ሲያገኙ ሕጋዊ ባለቤትነትን ያረጋግጣል ብለው አይውሰዱት።