እማዬን ከኮሮና አዳንኳት፣ ከሰው ግን ለየኋት

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል፣ ስኳርም ግፊትም ስላለባት ፈርቼ በሩን ዘጋሁባት። ገብርኤል መሳለም ቀረ፣ እድር ቀረ፣ ከጎረቤት ቡና መጠራራት ቀረ። ሰው ሲያንኳኳ «ተኝታለች» እያልኩ የመለስኩት እኔ ነኝ። በሽታው አልነካትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ይኸው ሁሉም ወደ ኑሮው ሲመለስ እሷ ቤት ቀረች። ረከቦቷ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሷል። «እንውጣ» ስላት «ማን ፈልጎኝ?» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመምጣት የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ስትተነፍስ አየኋትና አለቀስኩ። አጥፍቻለሁ? አሁንስ ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ አላጠፋሽም። ያኔ ክትባት አልነበረም፤ እዚህ አገር መሰጠት የጀመረው ከዓመት በኋላ፣ መጋቢት 2013 ነው። ሌላ ምን ታደርጊ ነበር?

መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ስኳር ሲቆይ እግር ያደነዝዛል፣ የግፊት መድኃኒት ደግሞ ከተቀመጡበት ሲነሱ ሊያዞር ይችላል፣ ስለዚህ «እርጅና ነው» ብለሽ አትለፊው። ያልሠራ ጡንቻም ይከሳል፤ ደግነቱ በ70ዎቹም ቢሆን ካሠሩት ይበረታል። ሐኪሙ ከፈቀደ ከጠንካራ ወንበር ቁጭ ብድግ ይበሉ፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን የሚመክረው ጉልበትና ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን «ማን ፈልጎኝ?» ያሉት ነው። ስንት ዓመት ሰፈሩን ቡና ያጠጡ ሴት አሁን ምግብና መድኃኒት እየቀረበላቸው ይቀመጣሉ። «እንውጣ» ማለቱን ለጊዜው ተይውና ረከቦቱን አውርደሽ እጠቢ። «እማዬ፣ ቅዳሜ ሰው ጠርቻለሁ፣ ቡናውን አንቺ ቁይልኝ» በያቸው። ቁጭ ብለው ይቁሉ፣ ጀበናውን አንቺ አንሺላቸው። መስኮቱ ይከፈት፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ለሌላ ቀን ይቆይ። እግራቸው ሲጠና ደግሞ በባጃጅ ገብርኤል ውሰጃቸው፤ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ግን ግፊያው ስለማይቻል ሌላ ቀን ይሁን።

ለቅዳሜው ቡና ስትጠሪ ልጅ አትላኪ። ያኔ ከበር ወደመለስሻቸው ጎረቤት ራስሽ ሂጂና «ተኝታለች ያልኳችሁ ፈርቼ ነው፣ እማዬ ነቅታ ነበር» በያቸው።