ሌሎች የሚያዩብኝን ለምን አላየውም?

ጥያቄ፦ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በሥራዬ ትጉህ ብሆንም ባልደረቦቼ «የሰው ሐሳብ አትቀበልም» ይሉኛል፤ እኔ ግን ይህ ጠባይ በራሴ ላይ አይታየኝም። ራሴን በትክክል ማወቅ የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጆሴፍ ሉፍት እና ሃሪንግተን ኢንግሃም የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1955 ባቀረቡት «የጆሃሪ መስኮት» የተባለ ራስን የማወቂያ ንድፍ ስለ አንድ ሰው የሚታወቀውንና የማይታወቀውን በአራት ይከፍሉታል፤ ከእነዚህም አንዱ ሌሎች እያዩት ባለቤቱ የማያየው ክፍል ነው። የእርስዎም ጉዳይ ከዚሁ የሚመደብ ይመስለኛል። ብዙ ችሎታ ይዘው በዚህ ምክንያት ብቻ ከሚገባቸው ደረጃ ሳይደርሱ የሚቀሩ ሰዎች ስለሚያሳዝኑኝ፣ ጥያቄውን በማንሳትዎ ከልብ ደስ ብሎኛል። ብቻዎን በማሰላሰል የሚገለጥ ነገር ስላልሆነ፣ ከሚያምኑት ባልደረባ ጋር ቁጭ ብለው «ሐሳብ ያልተቀበልኩት መቼ ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ ሲነግርዎትም ምክንያት ለመደርደር ሳይቸኩሉ ቃሉን እንዳለ በማስታወሻዎ ይጻፉ፤ በቀጣዩ ስብሰባም ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ ይታገሡ።