መልስ፦ ጠፍቶ የተገኘ ፓስፖርት በኢንተርፖል መዝገብ ላይ ሲቀር

«ጠፋ ብዬ ያመለከትኩበት ፓስፖርት ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ ተገኘ፤ ድንበር ላይ ግን እንደ ጠፋ ተመዝግቧል ተብዬ ተመለስኩ፤ ኢንተርፖል እንዲሰርዘው የት ልጻፍ?» ብለዋል። በቅድሚያ ማመልከት ያለብዎት ፓስፖርቱን ለሰጠዎት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል በሚይዘው የተሰረቁና የጠፉ የጉዞ ሰነዶች መዝገብ ውስጥ አንድን ፓስፖርት ማስገባት የሚችለው ሰነዱን የሰጠው አገር ብቻ ሲሆን፣ የማረሙ ኃላፊነትም በመጀመሪያ የእርሱ ነው። በዚያ ፓስፖርት ግን ደግመው አይጓዙ፤ አዲስ ያውጡ።

ስምዎ ራሱ በሌላ ጉዳይ ተመዝግቧል ብለው ከጠረጠሩ፣ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ለሚገኘው የኢንተርፖል መዝገቦች ቁጥጥር ኮሚሽን ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላሉ። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ ወይም በዐረብኛ ተጽፎ፣ ተፈርሞበትና የመታወቂያ ቅጂ ተያይዞ ይቀርባል። ኮሚሽኑ ማመልከቻው መስፈርቱን ያሟላል ብሎ ከወሰነበት ቀን ጀምሮ፣ መረጃ ለማወቅ ለቀረበ ጥያቄ በ4 ወር፣ ለማረም ወይም ለማሰረዝ ለቀረበ ደግሞ በ9 ወር ውስጥ መወሰን አለበት። ረጅም ጊዜ ነው፤ ሆኖም መብትዎ ነውና አይተዉት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እዚህ ባሕር ዳር ሰዎች ፓስፖርታቸውን ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን አስደርገው፣ ፋይሉን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ትተው ሲወጡ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከመውጣትዎ በፊት ዓይንዎ እያየ ያስጠፉት።