መልስ፦ ቴምፕቴሽንስ ከፍቅር ዘፈን ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ የዞሩት ለምንድን ነው?

የአሜሪካ የድምፃውያን ቡድን የሆኑት ቴምፕቴሽንስ ከፍቅር ዘፈን ወጥተው ስለ ጦርነትና ስለ ድህነት መዝፈን የጀመሩበትን ምክንያት ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ፕሮዲውሰራቸው ኖርማን ዊትፊልድ ነው። እርሱና የግጥም ደራሲው ባሬት ስትሮንግ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የቡድኑ ድምፃዊ ዴቪድ ረፊን ተሰናብቶ በእርሱ ቦታ ዴኒስ ኤድዋርድስ ከገባ በኋላ፣ አምስቱ ድምፃውያን ስንኞቹን እየተቀባበሉ እንዲዘፍኑ አደረጉ፤ ይህም አዘፋፈን ለብዙኃን ብሶት እጅግ የተመቸ ነበር። ጦርነትን የሚያወግዘውን «ዋር» («ጦርነት») የተባለ ዘፈን በ1970 አስቀድመው የቀረጹት ቴምፕቴሽንስ ሲሆኑ፣ የሙዚቃ አሳታሚያቸው ሞታውን ግን ወግ አጥባቂ አድማጮቻቸው እንዳይቀየሙ ሰግቶ በነጠላ ሸክላ ሳያወጣው ቀረና ዘፈኑ ለሌላው ድምፃዊ ለኤድዊን ስታር ተሰጠ፤ የእርሱም ቅጂ በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ይህን ውሳኔ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል። በማኅበራዊ ጉዳይ ዘፈን ከቴምፕቴሽንስ የቀደሙትን የሺካጎዎቹን ድምፃውያን ኢምፕሬሽንስንም፣ በተለይ ከርቲስ ሜይፊልድ የደረሰውን የ1965ቱን «ፒፕል ጌት ሬዲ»ን፣ እንዲያደምጡ አደራ እላለሁ።