ዚፑ የሚታይ ጭራቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ቆዩ የጭራቅ ፊልሞች ከጅማ የመጡልኝ ጥያቄዎች ስለበዙ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። በጥቂት ገንዘብ፣ በላስቲክና በካርቶን የተሠሩትን፣ ብዙዎቻችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ያየናቸውን ዓይነት ፊልሞች ማለቴ ነው። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጭራቁ ላስቲክ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያፈርሰው ከተማም ካርቶን ነው። ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። በኮምፒውተር የተሠራውን አዲሱን ፊልም ደግሞ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ወሰደኝ። ምን ነካኝ? (ከሂርማታ)

ምንም አልነካህም። ዓይንህ የሰው እጅ አይቶ ነው።

የ1933ቱን "ኪንግ ኮንግ" ውሰድ። ያ ሕንፃ ላይ የሚወጣው ግዙፍ ጎሪላ በአብዛኛው ግማሽ ሜትር እንኳ የማይሞላ አሻንጉሊት ነው። ውስጡ የብረት አጥንት አለው፤ ላዩ የጥንቸል ፀጉር ነው። ዊሊስ ኦብራየን የሚባለው ባለሙያ ክንዱን ትንሽ ያንቀሳቅስና አንድ ፎቶ ያነሳል። እንደገና ትንሽ፣ እንደገና ፎቶ። ለአንዲት ሰከንድ 24 ፎቶ ማለት ነው። አሻንጉሊቱ በተነካ ቁጥር ፀጉሩ ይተኛል፣ ይነሳል። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ጎሪላው ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ፀጉሩ ይርመሰመሳል። ነፋስ የነካው ይመስላል፤ የሠሪው ጣት ነው። ዘጠና ዓመት አልፎትም የዚያን ሰው ጣት ታያለህ።

የጅማ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማችን ላይ የመሣሪያው ፈለግ ይታያል። የፕላስቲኩ ወንበር ይበልጥ ለስላሳ ነው፤ የሠራው ሰው ግን የለበትም። በኮምፒውተር ፊልም የሚሠሩትም ሌት ተቀን ይለፋሉ። ችግሩ ልፋታቸው ተወልውሎ መጥፋቱ ነው።

አንድ ልጨምርልህ። በ1955 ሬይ ሃሪሃውዘን የሠራው ግዙፍ ኦክቶፐስ አለ፤ "ኢት ኬም ፍሮም ቢኒዝ ዘ ሲ" በሚባለው ፊልም ውስጥ ድልድይ ይሰብራል። ኦክቶፐስ ስምንት ክንድ አለው አይደል? የእሱ ግን ስድስት ብቻ ነው። ለስምንት የሚሆን ገንዘብና ጊዜ አልነበረም። ክንዶቹ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ስለሆኑ ቆጥረህ ካልደረስክበት አታውቅም። እኔ እነዚህን ፊልሞች የምወደው ለዚህ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ጭንቅላት ሥራ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ እነዚህን ፊልሞች የሚያዩት ለመሳቅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያሳዝኑኛል። ማን ነው ልክ? (ከፈረንጅ አራዳ)

ካንቺ ጋር ነኝ። "ሮቦት ሞንስተር" የሚባል የ1953 ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ የሮቦት ልብስ ማሠሪያ ገንዘብ አልነበረውም። የጎሪላ ልብስ ያለው ሰው ግን ያውቃል። ጠራው፣ ከጎሪላው አንገት በላይ የጠላቂ ቆብ የመሰለ ነገር ደፋበትና ቀረጸ። በአራት ቀን ተጠናቀቀ። ይህ ሲታይ ያስቃል፤ ሳቁም ክፋት የለውም። ግን ከሳቁ በኋላ ፊልሙን አታጥፉት። ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ ይችል የነበረ ሰው ነው።

ሁሉም ጥሩ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንዶቹ ፊልሞች አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሮ ውስጥ ሲያወሩ ቆይተው ጭራቁን ለሁለት ደቂቃ ብልጭ ያደርጉታል። ልብሱ ቢቀደድ፣ ዚፑ ቢታይ ቅር አይለኝም። ሠሪዎቹ ለተመልካች ግድ ሳይኖራቸው ሲቀር ግን እዘጋዋለሁ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ የጃፓኑን ግዙፍ የፊልም ጭራቅ ጎድዚላን የልጆች ጨዋታ ያደርጉታል። መጀመሪያ ሲሠራ ቁም ነገር ነበረው የሚባለው እውነት ነው? (ከጂረን፣ መምህር)

እውነት ነው፤ እባክዎ ይንገሯቸው። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ በተባለው ደሴት ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። "ዕድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5" የተባለች የጃፓን ቱና አጥማጅ ጀልባ በአካባቢው ነበረች። 23ቱ ሠራተኞች ላይ መርዛማው አመድ ዘነበባቸው። የጀልባዋ ሬዲዮ ሠራተኛ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሞተ። ፊልሙ ደግሞ ኅዳር 3 ሲኒማ ቤት ገባ። ሲጀምር የሚያሳየው ባሕር ላይ በብርሃን ተመትታ የምትጠፋ መርከብ ነው። ጃፓናዊ ተመልካች ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከተመቱ ገና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳም ከጦርነቱ ሲመለስ በሂሮሺማ ፍርስራሽ በኩል አልፏል።

አሠራሩን ያየን እንደሆነ የልዩ ትርኢቱ ኃላፊ ኤይጂ ጹቡራያ "ኪንግ ኮንግ"ን የሚያመልክ ሰው ነበር። እንደዚያ ፎቶ በፎቶ ለመሥራት ግን ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ሰው ልብስ ውስጥ አስገባ። የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ሃሩዎ ናካጂማ የሚባለው ተዋናይ ያንን ተሸክሞ፣ በዚያ ሁሉ መብራት ሙቀት፣ ጥቂት ደቂቃ ተራምዶ ላቡን እያንጠባጠበ ይወጣል። ጎድዚላ ሲራመድ የምናየው ድካም የትወና ብቻ አይደለም።

ለክፍል ካሳዩአቸው የ1954ቱን ጃፓንኛውን ይምረጡ። በ1956 ለአሜሪካ የተዘጋጀው አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ተጨምሮበት ስለ ቦምቡ የሚነገረው ብዙው ተቆርጧል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ከወንድሞቿ ጋር አንዱን አይታ አልተኛም ብላ አስቸገረችኝ። ልከልክላት? (አንዲት እናት)

ለጊዜው ማታ ማታ ይከልክሏት፣ እናቴ። ቀን ላይ ግን ጭራቁ እንዴት እንደተሠራ ያሳዩአት። አሮጌ ካልሲና ሁለት ቁልፍ ሰጥተው የራሷን ጭራቅ እንድትሠራ ቢያደርጉ ይበልጥ ይረዳታል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ እምቢ ስትል "ጭራቅ መጣልሽ" አይበሏት።

ጥያቄ፦ አራት ተማሪዎች ነን። በስልካችን የጭራቅ አጭር ፊልም ልንሠራ ነው። ጭራቁ ከቦዬ ረግረግ ይወጣል። ብር የለንም። ጋሼ፣ ምን ትመክረናለህ? (ከኪቶ ፉርዲሳ)

ደስ አላችሁኝ! ከሁሉም በፊት ግን ቦዬ ጉማሬ አለ። ለፊልም ብላችሁ ውሃው ዳር እንዳትጠጉ። የምር ነው የምለው። ረግረጉን ከሩቅ ቅረጹ፣ የቅርቡን ሌላ ቦታ ሥሩት።

ጭራቁን ቶሎ አታሳዩ። በ1942 ቫል ሉተን የተባለ ፕሮዲዩሰር በትንሽ በጀት "ካት ፒፕል"ን ሲሠራ ሴትየዋን መዋኛ ገንዳ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ግድግዳው ላይ የሚዋልል የውሃ ብርሃን፣ ጥላ፣ የአውሬ ድምፅ። በቃ። እስከ ዛሬ ያስፈራል። መብራት በጠፋ ምሽት አንድ ባትሪና አንድ ነጭ ግድግዳ ይበቃችኋል።

ጭራቁ ሲታይ ደግሞ ካሜራውን መሬት ላይ አድርጋችሁ ወደ ላይ ቅረጹት። ስልካችሁ ላይ ያለውን ስሎው ሞሽን ተጠቀሙ። ጹቡራያም ካሜራውን አፍጥኖ ይቀርጽ ነበር፤ ሲታይ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ትንሹ ነገር ከባድ ይመስላል። ውሃን ግን በትንሽ ሞዴል አትሞክሩ። ቤትና መኪና ማሳነስ ይቻላል፤ የውሃ ጠብታን ግን ማሳነስ አይቻልም። ጠብታው ከጭራቁ ጥርስ ሲበልጥ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። ዝናብ ሲመጣ ግን አትሸሹ። የጅማ ክረምትና ጉም የልብሱን ስፌት በነፃ ይሸፍንላችኋል።

ድምፅ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ። የጎድዚላ ጩኸት ከእንስሳ የተቀዳ አይደለም። የሙዚቃ ደራሲው አኪራ ኢፉኩቤ ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት በትልቁ ቫዮሊን፣ በዳብል ቤዝ ክር ላይ አሽቶ ያወጣው ነው፤ ከዚያ ፍጥነቱን ቀነሱት። የዛገ የቆርቆሮ በር ካላችሁ ጭራቃችሁ ድምፅ አግኝቷል።

ታሪኩን ደግሞ ከውጭ አትዋሱ። ጎድዚላ የጃፓን ፍርሃት ነው። የጅማ ፍርሃት ምንድን ነው? የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ ለቡና ገበሬ ምን ማለት እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ። አረንጓዴ ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ይረግፋል። በሌሊት ቡና እርሻ ውስጥ የሚያልፍ፣ ያለፈበትን ሁሉ የሚያጠቁር ነገር አስቡት። እኔ ያንን ፊልም ለማየት እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሠፈራችን ካፌ ውስጥ አንዱን ለወጣቶች ማሳየት ፈልገናል። የሰው መብት እንዳንነካ የትኛውን እንምረጥ? (ከሂርማታ)

የ1968ቱን "ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ"። በ114 ሺህ ዶላር ገደማ የተሠራ ነው። አከፋፋዩ የፊልሙን ስም ሲቀይር የባለቤትነት ማሳሰቢያውን ጽሑፍ አብሮ አስወጣው። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ጽሑፉ ከሌለ መብቱ የለም፤ ስለዚህ ፊልሙ ከመጀመሪያው የሕዝብ ሆነ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ደም የሚመስለው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ትንንሽ ልጆችን ግን አታስገቡ፤ መጨረሻው ለአዋቂም ከባድ ነው።