በፍልሰታ ጾም ጓደኞቼ እራት ጠርተውኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በየዓመቱ በኦገስት «ሬስቶራንት ዊክ» የሚባል ሳምንት አለ። ወትሮ ዋጋቸው የማይቀመስ ምግብ ቤቶች በዚያ ሳምንት በቁርጥ ዋጋ እራት ያቀርባሉ። የሥራ ባልደረቦቼ በአንዱ ቦታ ይዘዋል፤ መክፈቻ፣ ዋና ምግብና ጣፋጭ በ65 ዶላር ነው። ቀኑ ግን ፍልሰታ ላይ ዋለ፣ ዝርዝሩም ከሞላ ጎደል ሁሉም የፍስክ ነው። ከመካከላቸው አንዷ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ናት፤ «ጳውሎስ የሚያቀርቡላችሁን ሁሉ ብሉ ብሎ የለም ወይ?» አለችኝ። ብቀር ይቀየሙኛል፣ ብሄድ ለጾሜ እፈራለሁ። ደግሞስ በጾም ለአንድ እራት ይህን ያህል ማውጣት ኃጢአት አይሆንም?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ሳትሄጂ በፊት መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙዎች የሚጠይቁን በልተው ከመጡ በኋላ ነውና።

በመጀመሪያ ቦታውን እንየው። ይህ የምግብ ቤቶች ሳምንት በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተጀመረ የገበያ ዘዴ ነው፤ የዚያን ጊዜ የምሳው ዋጋ ዓመቱን ተከትሎ 19 ዶላር ከ92 ሳንቲም ነበር። ከባዕድ አምልኮ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ስለዚህ መግባትሽ፣ ከባልደረቦችሽ ጋር አንድ ማዕድ ላይ መቀመጥሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችንም ከቀራጮች ጋር ለማዕድ ተቀምጧል። ሱባዔ ይዘሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለእግዚአብሔር የለየሽው ጊዜ ስለሆነ ጓደኞችሽን በትሕትና ይቅርታ ጠይቀሽ መቅረት ይገባሻል። ከነሐሴ 16 በኋላ ሌላ ቀን ብትቀጥሪያቸው ማንም አይቀየምሽም።

ጓደኛሽ የጠቀሰችው ቃል በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥27 ይገኛል። ሐዋርያው እዚያ የሚናገረው ስለ ጾም ሳይሆን ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ነው። የቆሮንቶስ ምእመናን «ከገበያ የገዛነው ሥጋ ከጣዖት ቤት የወጣ ቢሆንስ?» ብለው ይጨነቁ ነበርና ሳትመረምሩ ብሉ አላቸው። በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ያላችሁ ሰው ቢኖር አትብሉ ይላል። ያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥27 ስለ ራሱ ሲናገር ብዙ ጊዜ መጾሙን ይዘረዝራል። በሄደበት ሁሉ የቀረበለትን እየበላ ጾሙን ይሽር ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? ጓደኛሽ በቅንነት ነው የጠየቀችሽ፤ አንቺም ይህንኑ በቅንነት ንገሪያት።

ላንቺ ጉዳይ የሚቀርበው ጳውሎስ ሳይሆን ነቢዩ ዳንኤል ነው። ትንቢቱን ምዕራፍ 1ን ዛሬ ማታ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ቤተ መንግሥት በየዕለቱ የተቆረጠ ድርጎ ነበራቸው፤ ከንጉሡ መብል፣ ንጉሡም ከሚጠጣው ጠጅ። ምርጫ አልነበረም። ዳንኤል ማዕዱን አልገለበጠም፣ የባቢሎንን ሰዎችም አልሰደበም። በመጀመሪያ በልቡ ቆረጠ፣ ከዚያ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። አለቃው ግን «ፊታችሁ ከስቶ ቢያይ ንጉሡ ይቀጣኛል» ብሎ ፈራ። ዳንኤል እዚህ ላይ ተስፋ አልቆረጠም፣ አልተቆጣምም። ከአለቃው በታች ወዳለው ኃላፊ ሄዶ «10 ቀን ፈትነን፤ ጥራጥሬና ውኃ ይስጡን» አለው። ሰውየውን የማያስጨንቅ መንገድ ራሱ ፈልጎ አቀረበለት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ትሕትናው ነው። ጾሙን አጥብቆ የያዘ ሰው አንደበቱ እንዲህ ለስላሳ ነበር።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመሽ ምግብ ቤቱ ደውይ። «ቬጀቴሪያን ነኝ» ካልሽ ሥጋውን ብቻ ነው የሚያወጡልሽ፤ ቅቤውና አይቡ ይቀራል። «ቪጋን» በይ፣ ቀጥለሽም ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና አይብ እንደማትበዪ አንድ በአንድ ንገሪያቸው። የእንጉዳይ ሾርባ ሲባል የጾም ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን በዶሮ መረቅ የተሠራ ነው። የጣሊያኖቹ የሩዝ ምግብ ሪዞቶ በመጨረሻ ላይ በቅቤና በአይብ ይታሻል። ዳቦውም ላዩ የሚያብረቀርቀው አንዳንዴ እንቁላል ተቀብቶ ነው። ለጣፋጩ ከፍራፍሬ የሚሠራው ሶርቤ አብዛኛውን ጊዜ ወተት የለውም፣ ቢሆንም ጠይቂ። እንዲህ ያሉ ምግብ ቤቶች አስቀድሞ ከተነገራቸው በደስታ ያዘጋጃሉ፤ አንዳንድ ሰው በሕመም ምክንያት የማይበላው ስላለ ለምደውታል። አንችልም ካሉሽም ቤትሽ የጾም እራትሽን በልተሽ ሂጂ። ሻይ ይዘሽ ከእነርሱ ጋር መጫወት ትችያለሽ።

አንድ ነገር ግን ላሳስብሽ። የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 እንደሚያስተምረን የምንጾመው ሥጋችን ለነባቢት፣ ማለትም ለምታስበውና ለምትናገረው ነፍሳችን እንድትታዘዝ ነው። ቅቤ የሌለበት ሦስት ዓይነት ምግብ እየተቀያየረ ሲቀርብልሽ፣ ጾም ነው እያልሽ ከመጠን በላይ አትጥገቢ። የሚበቃሽን በልተሽ ተዪው። ወይኑን ደግሞ ጨርሶ አትንኪው። ብርጭቆ ሲያጋጩ ውኃሽን አንሥተሽ መልካም ምኞትሽን ግለጪ፤ ማንም ቅር አይለውም።

ማዕዱ ላይ ስትቀመጪ አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያትሽን በልብሽ ድገሚ። «ለምን አትበዪም?» ካሉሽ «የእመቤታችን ጾም ነው፣ 15 ቀን እንጾማለን» ማለት ይበቃል። ስለ ጾም የሚሰብክ ሰው እንዳትሆኚባቸው፣ የእነርሱንም ሳህን እያየሽ ፊትሽን እንዳታጠቁሪ። ጌታ በማቴዎስ 6፥16 ስትጾሙ እንደ ግብዞች አትጠውልጉ ብሎናል። ፈገግ ብለሽ ስለ ሥራችሁና ስለ ቤተሰቦቻቸው ጠይቂያቸው። የሚጾም ሰው ደስተኛ ሆኖ ማየታቸው ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራቸዋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። 65 ዶላር ብለሽኛል፣ ግን በዲሲ የምግብ ቤት ግብሩ 10 በመቶ ነው፤ 20 በመቶ ጉርሻ ሲጨመር ወደ 85 ዶላር ይጠጋል። ይህን አስቀድመሽ አስቢ። ለዚህ እራት በክሬዲት ካርድ ዕዳ የምትገቢ ከሆነ ቅሪ። አቅሙ ካለሽ ግን ገንዘቡን ማውጣትሽ ብቻውን ኃጢአት ነው አልልሽም። በሉቃስ 16 ያለው ባለጸጋ የተኮነነው ደጁ የወደቀውን አልዓዛርን ሳያይ ዕለት ዕለት ይንደላቀቅ ስለነበረ ነው። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲገልጽ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ይላል። ስለዚህ ለእራቱ የምታወጪውን ያህል ለነዳያን ለዪ። እዚያው ለቤተ ክርስቲያንሽ የምጽዋት ሣጥን ቢሆን፣ አገር ቤት ለተቸገረ ዘመድ ቢሆን ላንቺ ትቼዋለሁ። ሁለቱን ማድረግ ካልቻልሽ ምጽዋቱን አስቀድሚ፣ እራቱ ይቅር። አስተናጋጁን ግን አትንፈጊው። በዚያ ከተማ ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን እንደሚያሳድጉ ታውቂያለሽ።

በማግሥቱ ልትቆርቢ ካሰብሽ ደግሞ ሰዓቱን ቁጠሪ። ከመቁረባችን በፊት 18 ሰዓት እንጾማለን። እራቱ በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ካለቀ፣ 18 ሰዓቱ የሚሞላው በማግሥቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያናችሁ ቅዳሴ በጠዋት ወይም በእኩለ ቀን ከሆነ ሁለቱ አይገጥሙም። ያን ጊዜ ቁርባኑን አስቀድሚ፣ ለጓደኞችሽም ሌላ ቀን እንደምታገኚያቸው ንገሪያቸው። ለነፍስ አባትሽ ደውለሽ ያሰብሽውን አማክሪያቸው፤ የሚፈቅዱልሽንና የሚከለክሉሽን እርሳቸው ይንገሩሽ።